የገናው ዋንጫ የመጀመሪያ ቀለበት

የመጨረሻው ስም በተቀረጸበት ቀን ከሱቁ ውስጥ የነበርነውን በየስማችን ላስቀምጥ። ጋሽ አዳነ አንጥረኛው፣ አሠሪዬና አስተማሪዬ፣ በጠፍር በርጩማቸው ላይ ናቸው። እትዬ ጥሩዬ፣ ዋንጫው ከርሳቸው የናስ ሳህን የተሠራ፣ ከወናፉ አጠገብ በተነጠፈው አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። መምሬ ፈንቴ፣ የገና ጨዋታው ዳኛ፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከግድግዳው ሥር ናቸው። ሲሳይ ባጃጅ ነጂው፣ የዚያ ዓመት የታቾች ቡድን መሪ፣ መቀመጫ እያለ ቆሟል። ጎረቤታችን ንጉሤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ደፉ ላይ ነው። እኔ ይበልጣል ደግሞ ባትሪ ይዤ ለጋሽ አዳነ አበራለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «እኔም ነበርኩ» ሲሉ የሰማኋቸው ብዙ ናቸው። እነሱ የመጡት በዋዜማው ወይም በማግስቱ ነው፤ ለይቼ አስታውሳለሁ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ሥራ ስለቀየርኩ ነው። ጋሽ አዳነ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መዶሻቸውን አስቀምጠው ሐሙሲት ካለችው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሱቁ ተዘጋ። እኔ አሁን ወረታና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የሩዝ መፈልፈያ እጠግናለሁ፤ ኩሽኔታ እቀይራለሁ፣ ቺንጋ አጠብቃለሁ። ከናሱ ሥራ ይሻላል፣ ደመወዙም አይዘገይም። ንጉሤ ባገኘኝ ቁጥር «ጢምህ በቅጡ ሳይወጣ ጡረታ የወጣህ አንተ ብቻ ነህ» ይለኛል። ቀልድ ቢሆንም ነገሩ እውነት አለው። አንድ ሙያ በእኔ ላይ አልቋል። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሐሙሲት በአንድ የብየዳ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሲናገር ሁሉ የሚጮህ ሰው ነው፤ ደህና ዋልክም ሲል ይጮሃል። በር፣ መስኮት፣ የባጃጅ ጣሪያ እንሠራ ነበር። እዚያ ሳለሁ ከምሳ በኋላ ሰው ሲያርፍ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ቀድጄ፣ አቃንቼ፣ በተሳለ ሚስማር ፊደል መምታት ለመድኩ። ያስተማረኝ የለም። የደብራችንን የመቃብር ድንጋዮች ጽሑፍ በዓይኔ እየያዝኩ፣ «ሀ» ሥሯ የት እንደሚታጠፍ፣ «ጸ» ራሷ እስከ የት እንደሚነሣ እየለካሁ ነው። ቆርቆሮዎቹን አንድ ቀን ይዤ ወረታ ጋሽ አዳነ ዘንድ ሄድኩ። ሱቃቸው ከደብረ ታቦር መገንጠያ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አንዱን ተቀበሉኝና ፊቱን ሳያዩ ገለበጡት። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ምቱ እኩል መሆኑን የሚናገረው ጀርባው ነው። «ሰኞ ና» አሉኝ። ጽሑፉን ያነበቡት እኔ ከወጣሁ በኋላ እንደሆነ ንጉሤ ነገረኝ።

ስለ ጋሽ አዳነ አሠራር ብዙ ማለት እችላለሁ። መሮዎቻቸውን በላም ቀንድ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ቀንዱ ከውስጥ ቅባት ስላለው አያዝግም። የሚስሉት ከጉማራ ወንዝ ባመጡት ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሳሉት በኋላ ጫፉን በጥፍራቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ ከተንሸራተተ አልተሳለም። የናስ ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያንኳኩታል። ድምፁ ረዘም ብሎ ከጮኸ ይቀበላሉ፤ ደፈን ካለ የተሰነጠቀ ቦታ አለውና እስኪያገኙት ድረስ ይፈልጉታል። ብናኝ በአፋቸው እፍ አይሉም፤ ትንፋሽ ናስ ያዥጎረጉራል። በዶሮ ላባ ነው የሚጠርጉት። የሚቀረጸውን ዕቃ ደግሞ ጉድጓድ በተበጀለት ጉቶ ውስጥ፣ በሬንጅና በጡብ ዱቄት ቅልቅል ላይ ያስተኙታል። ሬንጁ መዶሻው ሲያርፍ ትንሽ ይሰረጉዳል፣ ግን አይሸሽም። ልኩን ማወቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ።

ከሁሉ በላይ የያዙት ልማድ ግን ይህ ነበር። የሰው ስም ሲቀርጹ ባለስሙ ከፊታቸው መቆም አለበት። ስሙን ራሱ በአፉ ይናገራል፣ ያባቱን ስም ይጨምራል፣ ተቀርጾ እስኪያልቅ ከዚያ አይንቀሳቀስም። ባለስሙ ከሞተ ወይም ከራቀ ሌላ ሰው ይቆምለታል። ያን ጊዜ ጋሽ አዳነ መዶሻውን ከማንሣታቸው በፊት «ምኑ ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወንድሙ ነኝ፣ ልጁ ነኝ፣ አብሮ አደጉ ነኝ የሚል መልስ ይሰማሉ። መልሱ ካላረካቸው መዶሻው አይነሣም። አንድ ጊዜ የኳስ ቡድን ኃላፊ ነኝ የሚል ሰው የተጫዋቾቹን ስም በስልክ ልላክ አለ። «ይምጡ» አሉት። ሥራ ላይ ናቸው አላቸው። «እኔም ሥራ ላይ ነኝ፤ ይምጡ» አሉት። ሰውየው ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ፊደሉ በፕላስቲክ የተለጠፈበት ዋንጫ ገዛ። ንጉሤ ለሳምንት ያህል አሾፈባቸው፤ ጋሽ አዳነ ግን አልከፋቸውም። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ሳላየው እጄ አያምንም» አሉኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

አሁን ወደ ዋንጫው ልምጣ። እኔ ሳልወለድ የሆነውን የሰማሁት ከሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ከጋሽ አዳነ፣ ከእትዬ ጥሩዬና ከመምሬ ፈንቴ ነው፤ የተስማሙበትን ብቻ እጽፋለሁ።

በፎገራ ሜዳ ለገና ላዮችና ታቾች ይጋጠማሉ። ላዮች ከአስፋልቱ ወደ ተራራው ያሉት ደብሮች፣ ታቾች ወደ ሐይቁ ያሉት ናቸው። ከአጨዳ በኋላ በሚቀረው የግጦሽ መስክ ላይ፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩር የምትባለውን ኳስ እየመቱ ከተጋጣሚው ድንበር ያሳልፋሉ። ድሮ ለአሸናፊው የሚሰጠው በግ ነበር። በጉ እዚያው ሜዳ ላይ ይታረዳል፣ ይበላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንዳሸነፈ ክርክር ይነሣል።

ሩዝ ወደ አካባቢው መግባት በጀመረበት ሰሞን እትዬ ጥሩዬ ቤት ታከለ የሚባል ጎልማሳ ተቀጥሮ ያርስ ነበር። የመጣው ከደብረ ታቦር ማዶ ነው ይባላል። ለታቾች ተሰልፎ የመጨረሻዋን ሩር ከላዮች ድንበር ያሳለፈው እሱ ነው። መምሬ ፈንቴ ያኔ ወጣት ዲያቆን ሆነው አይተዋል። ዱላውን ከመሬት አላነሣም፣ እንደሚያጭድ ሰው ዝቅ ብሎ ሩሯን ጠረጋት ይላሉ። በጉ ሲከፋፈል ግን ለታከለ አልደረሰውም። የደብሩ ሰው አይደለም፣ ቅጥር ነው ተባለ። እሱ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሬዎቹን ሊያስገባ ሄደ።

እትዬ ጥሩዬ ይህን አይተው ቤታቸው ገቡ። ለሠርጋቸው የተሰጠ፣ የእንግዳ እጅ የሚታጠብበት ትልቅ የናስ ሳህን ነበራቸው። ይዘውት ወጡና ሜዳው መካከል አስቀመጡት። ከዛሬ ጀምሮ ሽልማቱ የማይበላ ነገር ይሁን፣ የተጫወተው ሁሉ ስም ይጻፍበት አሉ። ባላቸው ተቆጥተው እንደነበር እትዬ ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ ቤታቸው የገባ እንግዳ በቆርቆሮ ሳህን ነው የታጠበው።

ሳህኑን ዋንጫ ያደረጉት ያኔ ገና ሥራ የጀመሩት ጋሽ አዳነ ናቸው። ከንፈሩን ወደ ውጭ ሳያጥፉ ወደ ላይ ሰበሰቡት፣ እጀታ አበጁለት፣ ከሥሩ ሰፊ የናስ ቀለበት በቀለጠ ቆርቆሮ በየዱ። በዚያ ቀለበት ላይ ያን ዓመት የተጫወቱት የታቾች ሁሉ ስም ተቀረጸ። እያንዳንዱ ከፊታቸው ቆሞ፣ ታከለም ቆሞ፣ ስሙንና ያባቱን ስም ተናግሮ። ከዚያ በኋላ ቦታው ስለማይበቃ የአሸናፊው ቡድን መሪ ስም ብቻ ሆነ። ቀለበቱ ሲሞላ ከበታቹ ሌላ ይጨመራል። ዋንጫው እንዲህ እያለ ቁመት እያወጣ ሄደ። ታከለ አንድ ክረምት ወደ አገሩ እንደሄደ አልተመለሰም።

ዋንጫው ዓመቱን የሚከርመው ከአሸናፊዎቹ ጋር ነው፤ በየተራ በየቤታቸው ያድራል። ያየው ነገር ብዙ ነው። ጠላ ተጠጥቶበታል። አንዱ ቤት ጊደር ጨው ልሳበታለች። አንዲት እናት ልጇን አጥባበታለች፤ መምሬ ፈንቴ ሲቆጡ እትዬ ጥሩዬ «ድሮስ መታጠቢያ አልነበረም?» ብለው መልሰውላቸዋል። እኔ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በየዓመቱ ለጥገና ሲመጣ ጭረቱን እያየሁ የት እንደከረመ እገምት ነበር።

አንድ ቀን ሲሳይ በስልኩ ቪዲዮ አሳየን። ከባድ ልብስ የለበሱ ሰዎች እግራቸው ላይ ስለት አስረው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር ይመታሉ። ንጉሤ «እነዚህም ገና ይጫወታሉ እንዴ? መሬታቸው ምነው እንዲህ ሆነ?» አለ። መጨረሻ ላይ ያሸነፉት አንድ ትልቅ የብር ዋንጫ ተራ በተራ አነሡ። ጋሽ አዳነ «አቁመው» አሉ። ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ። ዋንጫው ከላይ ሳህን ነው፤ ከሥሩ በስም የተሞሉ ቀለበቶች ተደራርበዋል። እኔ ኋላ አንብቤ፣ ቀለበቱ ሲሞላ አሮጌው ወጥቶ በክብር እንደሚቀመጥ፣ አዲስ እንደሚገባ ነገርኳቸው። ጋሽ አዳነን የገረማቸው መውጣቱ ነው። «ይወጣል ማለት ነው። የኛን በብየዳ አትሜዋለሁ» አሉ። ያን ጊዜ ለምን እንደቆጫቸው አልገባኝም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ታቾች ባሸነፉበት ዓመት መጨረሻ ላይ ሲሳይ በዱላ የተመታ ጉልበቱን ሊታጠብ ከጓደኞቹ ጋር ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ። ዋንጫው የሱ ተራ ስለነበር ይዞት ሄደ። እኛ ከታጠብን እሱም ይታጠብ ብለው ሙቁ ውኃ ከሚወርድበት ሥር አስቀመጡት፤ እዚያ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ከውኃው አልወጣም። ሲያወጡት ናሱ ጠቁሯል። ገና ደርሷል። እንዲህ ሆኖ ለመምሬ ፈንቴ ማስረከብ አፈሩ። ወደ እኛ ከማምጣት ይልቅ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው ከሩዝ መፈልፈያ ባመጡት የገለባ አመድ ያሹት ጀመር። የሩዝ ገለባ አመድ የድስት ጥላሸት ለማስለቀቅ ወደር የለውም፤ እዚህ አገር ሁሉም ቤት ያውቀዋል። ግን እንደ ሌላው አመድ ልም አይደለም፣ እንደ አሸዋ ይበላል። በየተራ እየተቀባበሉ አሹት። ዋንጫው እንደ መስታወት አበራ።

እትዬ ጥሩዬ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። በየዓመቱ ከጨዋታው በፊት ዋንጫው ይቀርብላቸዋል፣ እሳቸውም ከሳህኑ ሥር በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ጣታቸውን ያዞሩና አንድ ቦታ ላይ ያቆማሉ። የታከለ ስም ነው። ፊደል አልተማሩም፤ የዚያን ስም ቅርጽ ግን በጣታቸው ያውቁታል። ያን ዓመት ሲሳይ ራሱ ነበር ያቀረበላቸው፣ ምስጋና እየጠበቀ። ጣታቸው አንድ ጊዜ ዞረ። እንደገና ዞረ።

«ይህ የኔ ሳህን አይደለም» አሉ። «ለውጣችሁብኛል።»

«ኧረ እሱ ነው እትዬ፤ ሲያበራ አያዩትም?»

«እኔ በምን ዓይኔ ልይ ልጄ። ታከለ የት ሄደ?»

ሲሳይ ዋንጫውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ አየው። ያን ጊዜ ነው የገባው። የመጀመሪያው ቀለበት የሰው ሁሉ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይ ነው፤ ዋንጫውን ከፍ የሚያደርግ ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ድሮም ሳስቶ ነበር፤ ጋሽ አዳነን የቆጫቸው ይህ ነበር። የቀረውን አመዱ ጨረሰው። የታችኞቹ ቀለበቶች ተርፈዋል። መምሬ ፈንቴ ስሙ እስኪመለስ ዋንጫው ለማንም አይሰጥም ብለው በነጠላ ጠቀለሉትና ወደ እኛ ላኩት።

ፎቶ ፈለግን። የብዙ ዓመት ፎቶ በየሰዉ ስልክ አለ። በሁሉም ላይ ቀለበቱን እጅ ሸፍኖታል።

ጋሽ አዳነ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በመሮ የተመታ ናስ ላይ ላዩ ቢፋቅም ከሥር ታምቆ ይቀራል። ቀለበቱን ከብየዳው አላቀቅነው፣ በሎሚና በጨው ቀባነው፣ ለስላሳ ፍም ላይ ያዝነው። ቀለሙ ሲለወጥ የታመቀው ቦታ እንደ ጥላ ብቅ ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም። ስሞቹ አንድ በአንድ መጡ። ደብዛዛ ናቸው፣ ግን ይነበባሉ። እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ መምሬ ፈንቴ «እሱ ነው፣ እሱም ነበር» ይላሉ። «ታከለ» የሚለውም መጣ። ከሱ ቀጥሎ ያባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል መታየት ጀመረ። «በ» ወይም «ሰ» ትመስላለች፤ እግሮቿን አየሁ፣ ራሷን አላየሁም። የቀረው አልወጣም።

ጋሽ አዳነ ሎሚውን ደገሙት። እንደገና አልወጣም። «ትንሽ ሙቀት ጨምር» አሉኝ። ወናፉን ረገጥኩ። «ጥቂት» አሉኝ። ረገጥኩ። ናሱ ቀላ። ወዲያው የወጡት ጥላዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፉ። ናስ ከልኩ በላይ ሲግል ያ የታመቀው ቦታ ይላላል፤ ምት ካላረፈበት ቦታ አይለይም። ጋሽ አዳነ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጉጠቱን አንሥተው ሊያወጡት ሲሉ ቀለበቱ ከዚያችው ፊደል ጎን ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ተሰነጠቀ። ያን ቀን ሥራ አልሠራንም። እሳቸው ቀለበቱ እስኪበርድ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከበረደም በኋላ ተቀመጡ። ንጉሤ ደፉ ላይ መጥቶ አያቸውና ሳይቀልድ ተመለሰ።

የሌሎቹን ስም አንብበን ስለነበር አዲስ ቀለበት መሥራት ይቻላል። የበረዶ ላይ ሰዎቹን አሠራር ወስደን በብየዳ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር አደረግነው። ጋሽ አዳነ ግን ስሞቹን ከተነበቡት ላይ ዝም ብለው ሊገለብጡ አልፈቀዱም። ባለስም ወይም የሚቆምለት ሰው ይምጣ አሉ። መምሬ ፈንቴ ከቅዳሴ በኋላ በየደብሩ አስነገሩ።

መጡ። ከሐይቁ ዳር፣ ከጉማራ ማዶ፣ በባጃጅ፣ በእግር፣ አንዱ አዛውንት በቃሬዛ። ሲሳይ ብዙዎቹን በራሱ ባጃጅ አመላለሰ፤ ማንም አላዘዘውም። በሕይወት ካሉት ተጫዋቾች አንዱ ስሙን ሲናገር ድምፁ እንደ ወጣት ሆነ። ሌላው ዱላውን ይዞ መጣና እስከ መጨረሻው ተደግፎት ቆመ። ለሞቱት ልጆቻቸው ቆሙ። አንዲት ሴት ለአባቷ ቆማ «ምኑ ነሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «የመጨረሻ ልጁ፤ አላወቀኝም፣ እኔም አላውቀውም» አለች። ጋሽ አዳነ መዶሻውን አነሡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ሲመቱ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ሲያሳርፉት ነው። ቅርጹን ከድሮው ጥልቅ አድርገው ነበር የሚቆርጡት፣ ምንም አመድ እንዳይደርስበት።

የቀረው ታከለ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ የጠራኋቸው ሰዎች የተሰበሰቡት በዚያ ቀን ነው።

ሲሳይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝና ልቁምለት አለ።

«ታውቀዋለህ?» አሉት ጋሽ አዳነ።

«አላውቀውም።»

«እንግዲያ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። መምሬ ፈንቴ ሲጫወት አይቼዋለሁ፣ ግን አንድ ቀንም አላናገርኩትም አሉ፤ ይህን ሲሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ንጉሤ ከደፉ ሆኖ የሱ ዘመድ ፎገራ ውስጥ ከየት ይገኛል፣ ይለፈን አለ። 

እትዬ ጥሩዬ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። እኔ ልደግፋቸው ስል እጄን ገፉት። ከጉቶው ፊት ለፊት ሄደው ቆሙ። ጋሽ አዳነ ከልጅነታቸው ያውቋቸዋል፤ ቢሆንም እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቁ።

«ምኑ ነዎት?»

 «ማሳዬን ያረሰ ነው» አሉ። «በጉን ሲከለክሉት አይቻለሁ። ሌላ ያየ ካለ እሱ ይቁም፤ ከሌለ እኔ ነኝ።»

«ይበቃል» አሉ ጋሽ አዳነ። መሮውን ቀለበቱ ላይ አስቀመጡ፣ መዶሻውን አነሡ። ከማሳረፋቸው በፊት ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቁ። «የማን ልጅ ነው?»

 እትዬ ጥሩዬ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ነግሮኝ ነበር እኮ» አሉ። «በሬ ሲጠምድ ነግሮኛል። ያባቱን ስም ጠርቶ ነበር በሬውን የሚያበረታው። አዳነ፣ ከአፌ ላይ አለ፣ አይወጣም።»

«እርስዎስ?» አሉ መምሬ ፈንቴ ወደ ጋሽ አዳነ ዞረው። «በእጅዎ የቀረጹት አይደል?»

«ቀርጬዋለሁ» አሉ። «እጄ ያውቀዋል። እኔ አላውቀውም።»

ሲሳይ የእትዬን ባለቤት ስም አድርጉለት አለ። እትዬ አባት ነበረው፣ የሰው አባት አታልብሱት አሉ። መምሬ ፈንቴ ስሙን ብቻ ጽፈን እንዝጋው አሉ። ጋሽ አዳነ መዶሻውን አሳረፉ። «ታከለ»ን ቆረጡ። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ጥልቅ ነበር። ከዚያ መሮውን ከመጨረሻዋ ፊደል ጀምሮ የአንድ ስም ያህል ቦታ አሻገሩና የስሞቹን መለያ ነጥብ እዚያ መቱ። በመካከሉ ያለው ባዶ ቀረ። በላባው ጠረጉት። «ይህን ወልውለው» አሉኝ፤ «ባዶ ነው ብለህ አትዝለለው።»

እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ታከለን አገኘችው። ከዚያ ወደ ባዶው አለፈች፣ እዚያ ቆየች፣ ተመለሰች።  የተሰነጠቀውን አሮጌ ቀለበት አላቀለጥነውም፤ ከአዲሱ ሥር፣ ከዋንጫው አንገት ውስጥ አስገብተን በብሎን አሰርነው። ከውጭ አይታይም።

ያ የጋሽ አዳነ የመጨረሻ ቅርጽ ነው። ከዚያ በኋላ መሮዎቹን ከነቀንዱ፣ ጉቶውንም ጨምረው ለእኔ ሰጡኝ። ሐሙሲት ሥራ በሄድኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ዋንጫው ደህና ነው ወይ ብለው አይጠይቁኝም፤ ሰው መጣ ወይ ነው የሚሉኝ።

እንግዲህ በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ የነበራችሁ፣ ያጎደልኩትን ጨምሩ። ንጉሤ፣ ስትወጣ በሩ ላይ ለመምሬ ፈንቴ ያልካቸውን አልሰማሁም፤ ንገረኝ። መምሬ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ደመና ነበር ወይስ ፀሐይ፣ ሁለት ጊዜ ሁለት ዓይነት ነግረውኛል። የወንዛዬ ተጓዦች፣ ዋንጫውን ውኃው ሥር ያስቀመጠው ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ስታወጡት ግን ቀለበቱ ላይ ፊደል ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ ዘመን በፎገራ ሜዳ ተቀጥራችሁ ያረሳችሁ፣ ያጨዳችሁ፣ ከታከለ ጋር በአንድ ማሳ የዋላችሁ፣ ወይም ከደብረ ታቦር ማዶ የአንድ ታከለ ልጅ የሆናችሁ፣ በሬ ሲጠምድ የማንን ስም እንደሚጠራ የሰማችሁ ካላችሁ ወረታ ጠይቃችሁ ኑ። የሩዝ መፈልፈያ የሚጠግነው ይበልጣል ብትሉ ያሳዩአችኋል። በስልክ አትንገሩኝ። እትዬ ጥሩዬ አሁንም አሉ፤ ጋሽ አዳነም ሐሙሲት ናቸው፣ በባጃጅ አመጣቸዋለሁ፣ ከጉቶው አጠገብ ይቀመጣሉ። መሮዎቹን በየሳምንቱ እስላለሁ። ቦታው አለ። መጥታችሁ ቁሙና ስሙን በአፋችሁ ተናገሩ።